ክንፉ ለበቅሎዋ ነው

እንደምን አመሻችሁ።

አዘጋጆቹ «ስለ ኮሚክ ሥራ አሥር ደቂቃ ተናገር» ብለውኛል። ወረቀቴ ላይ አራት ነጥብ አለ። ሦስቱን የጻፍኩት ለይሉኝታ ነው። የመጣሁት ለአንዱ ነው።

አብዛኞቻችሁ የኔን መቅደላ ታውቋታላችሁ፤ ረቂቁ በፎቶ ኮፒ ሲዞር አይታችኋል። አምባዋ ደመና ላይ ትንሳፈፋለች። በቅሎዎቹ ክንፍ አላቸው። ይህን ይዤ አንድ አሳታሚ ዘንድ ሄድኩ። ስሙን አልጠራም፣ ቡና ጋብዞኛል። ገጾቹን አገላበጠ፣ አገላበጠና ምኒልክ የሚያመልጥበት ላይ ቆመ። «ይሄ ልጅ እንዴት ይከዳል? አንድ ክፉ ደብተራ ጨምርና መተት ያሠራበት» አለኝ።

መተት!

እስቲ ታሪኩን እናስታውሰው። አንቱታውን ግን ይቅር በሉኝ፤ ገጸ ባሕርያቴን አንቱ እያልኩ መሳል አቅቶኛል። በ1848 ዓ.ም. የሸዋው ኃይለ መለኮት ሞተ። ልጁ ምኒልክ በ11 ዓመቱ ቴዎድሮስ እጅ ገባ። ቴዎድሮስ እንደ ልጁ አሳደገው። ደጃዝማች አለው። ልጁን አልጣሽን ዳረለት። በ1857 ዓ.ም. ክረምቱ ሲገባ ምኒልክ በሌሊት ከአምባው ወርዶ ጠፋ። አልጣሽ ቀረች።

ማንን ነው የከዳው? ያሳደገውን ሰው? የአባቱን አገር የወሰደበትን ሰው? ሁለቱም ያው ቴዎድሮስ ነው። ይህን ለመሳል ዓመት ፈጅቶብኛል። መተት ቢሆን በአንድ ሣጥን ባለቀልኝ። አረንጓዴ ጭስ፣ የሚያበራ ዓይን፣ በቃ።

የአልጣሽን ገጽ ሰባቴ ቀደድኩት። መጀመሪያ አስለቀስኳት። ቀጥሎ አስጮህኳት። በመጨረሻ ጀርባዋን ብቻ ሳልኩ። ንጋት ነው። ነጠላዋ ከትከሻዋ ወርዷል። አንድ እጇ መኝታው ላይ ነው፣ ሙቀቱ እንዳለ የምትዳስስ ትመስላለች። ቃል የለበትም።

ወርቂትንስ? የወሎዋ እመቤት። ልጇ መቅደላ ላይ የቴዎድሮስ እስረኛ ነው፣ ምኒልክ ደግሞ ሸሽቶ እሷው እጅ ገባ። ልጅ በልጅ መለወጥ ለማን አይታሰበውም? ቴዎድሮስ ግን ተቆጥቶ የወሎን እስረኞች አስገደለ፣ ልጇንም ጭምር። እሷ ምኒልክን ወደ ሸዋ አሳለፈችው። እዚህ መሃል ደብተራው የት ይቁምልኝ?

ፋንታሲ ጠልቼ አይደለም። በቅሎ ላይ ክንፍ ያበቀልኩት እኔ ነኝ! ግን ክንፉ ለበቅሎዋ ነው። የቴዎድሮስ የጦር አለቃ ፊታውራሪ ገብርዬ ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ አጠገብ አሮጌ በሚባለው ሜዳ ከእንግሊዞች ጋር ሲዋጋ ለንጉሡ ሲሞት «ወንድ!» ብለን አጨበጨብን። መተት አሠሩበት ያለ ሰው አልሰማሁም። ታማኝነት ሲሆን የሰውዬው፣ ክህደት ሲሆን የደብተራው? ይሄ ማሞኘት ነው። አንባቢን መናቅ ነው። ንጉሥም ይሁን ንግሥት በገዛ እጁ ያደረገውን ከእጁ አትቀሙት!

ሁለተኛው ነጥቤ ስለ ቀለም ነበር። ማተሚያ ቤት ሲገባ ቀዩ ቡኒ ሆኖ ይወጣል፤ ታውቁታላችሁ። ሦስተኛው ስለ ክፍያ ነው። እሱንም ታውቁታላችሁ። አራተኛው ምስጋና ነው፤ አመሰግናለሁ።

ረቂቁ በሩ አጠገብ ጠረጴዛው ላይ አለ። የአልጣሽ ገጽ ላይ ስትደርሱ ግን እባካችሁ እጃችሁን ጥረጉ። ዘጠነኛ ጊዜ አልስለውም።