ከማዶ ያለውም የወንዜ ልጅ ነው

ክቡራን እንግዶች፣ ውድ የሙያ ባልደረቦቼ፣ ከወዲህም ከወዲያም ዳርቻ የመጣችሁ ወገኖቼ፣ እንደምን ዋላችሁ።

በአማርኛ በጣም የምወደው አንድ አባባል አለ። ሰው በሩቅ አገር ያካባቢውን ልጅ ሲያገኝ «የወንዜ ልጅ!» ብሎ ያቅፈዋል። የተራራዬ ልጅ አይልም፤ የመንገዴ ልጅም አይልም። የወንዜ ነው የሚለው። ወንዝ ደግሞ ሁለት ዳር አለው። ያንኑ ውሃ እየጠጣ ማዶ ያደገውስ የማን ልጅ ነው? በውሃው ዳር አብረን ስለምንነድፈው የጋራ የባህል ቦታ ዛሬ የምናገረው ሁሉ ከዚህች ጥያቄ አይወጣም።

ሁለት ጎረቤት አገሮች «በውሃው ዳር የጋራ የባህል ቦታ እንሥራ» ሲሉ መጀመሪያ የሚታሰበው ምልክት ነው። ሁለት ዓምድ፣ ሁለት ባንዲራ፣ የሚጨባበጡ እጆች። እኔም ጀማሪ ሳለሁ ለእንዲህ ዓይነት ቦታ እጅ ለእጅ የተያያዘ ትልቅ ሐውልት ነድፌ ነበር። መምህሬ ወረቀቱን ረጋ ብለው አዩትና አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ፦ «ሰዎቹ የት ነው የሚቀመጡት?» መልስ አልነበረኝም። ንድፉ ላይ አንድም መቀመጫ አልነበረም። ያ ጥያቄ እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም።

ምልክት አያስፈልግም እያልኩ አይደለም። ግን ሐውልት ብቻ ከሆነ ሰው መጥቶ ያየዋል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ይሄዳል። ሰው ከሰው የሚላመደው ቁጭ ብሎ ሲያወራ ነው። ስለዚህ የእኛ ሥራ ከሁለቱም ወገን የመጣ ሰው አንድ ሰዓት ቁጭ እንዲል ምክንያት መስጠት ነው።

አንድ ቦታ ላሳያችሁ። ስትራስቡርግ በራይን ወንዝ ዳር ያለች የፈረንሳይ ከተማ ናት። ከወንዙ ማዶ ኬል የምትባል የጀርመን ከተማ አለች። ከ1871 እስከ 1944 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ ስትራስቡርግ በሁለቱ አገሮች መካከል አራት ጊዜ እጅ ቀይራለች። በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ ማለት ነው። በዚህ ወንዝ ግራና ቀኝ በ2004 እ.ኤ.አ. የጋራ መናፈሻ ተከፈተ፤ ማርክ ሚምራም የነደፈው የእግረኛ ድልድይም ሁለቱን ዳር አገናኘ። እኔን የሚማርከኝ መሃሉ ነው። ድልድዩ ሁለት መንገድ አለው። ከዳር ተለያይተው ይነሱና ወንዙ መሃል ላይ ይገናኛሉ። የሚገናኙበት ቦታ ሰፊ መድረክ ነው። ከሥር ራይን ይፈስሳል፤ ከላይ ሰው ቆም ብሎ ያወራል። በ2009 እ.ኤ.አ. የኔቶ መሪዎች እዚያው ድልድይ ላይ ተገናኝተው ነበር። የዚያ ቀን ካሜራ ሄዷል። መድረኩ ግን ዛሬም የአላፊ አግዳሚው ነው። ንድፍ አውጪው ድልድዩን መሻገሪያ ብቻ አድርጎ ቢያየው ኖሮ ያ መድረክ ባልኖረ ነበር።

ሁለተኛው ቦታ ኮንስታንስ ሐይቅ ዳር ነው። የጀርመኗ ኮንስታንስና የስዊዘርላንዷ ክሮይትስሊንገን ጎን ለጎን የተጣበቁ ከተሞች ናቸው። በሐይቁ ዳርቻ በመካከላቸው የነበረው አጥር በ2006 እ.ኤ.አ. ተነሳ። በቦታው ዮሐንስ ዶርፍሊንገር የተባለው አርቲስት የሠራቸው 22 ሐውልቶች ተተከሉ። በመካከላቸው በነፃ ይታለፋል። በ2020 እ.ኤ.አ. ኮሮና መጥቶ ድንበሩ ሲዘጋ እዚያው ሣር ላይ እንደገና አጥር ቆመ። ቤተሰብም ፍቅረኛም በሽቦው ወዲህና ወዲያ ቆሞ ያወራ ጀመር። ሰው እንዳይነካካ ብለው ሁለተኛ አጥር ጨመሩ። እንደዚያም ሆኖ መምጣታቸውን አልተዉም። ይህን ሳስብ ሆዴ ይባባል። ሰው በጭንቅ ቀን የሚሮጠው በደህና ቀን ወደለመደው ቦታ ነው። እኛም ልንሠራ የሚገባን እንዲህ ያለ ቦታ ነው።

አሁን ወደ ራሳችን የንድፍ ወረቀት ልምጣ። ውሃው ይሞላል፤ ይጎድላል። ወደ ውሃው የሚወርዱትን ደረጃዎች ከአሁኑ ለመዋጥ እናዘጋጃቸው። የታችኛዎቹ እርከኖች ጎርፍ ሲመጣ ይሸፈኑ፣ ሲሄድ ታጥበው ይውጡ። እዚያ ታች የኤሌክትሪክ መስመር አይኑር፤ የማይነቀል ድንጋይ ይሁን። ከደረጃው ጎን ዊልቸር የሚገፋ ሰው ውሃው ድረስ የሚወርድበት ለስላሳ ተዳፋት ይኑር። ከኋላ በር በኩል የሚዞር ሳይሆን ከሌላው ሰው ጋር አብሮ የሚወርድበት።

ጥላ እንዳትረሱ፤ አደራ። የቀትር ፀሐይ ያረፈበት አግዳሚ ወንበር ላይ ማንም አይቀመጥም። አግዳሚዎቹም ሁሉ ወደ ውሃው ብቻ አይዙሩ። የተወሰኑት ፊት ለፊት ይተያዩ። የማይተዋወቁ ሰዎች ወሬ የሚጀምሩት እንዲህ ሲቀመጡ ነው።

የኦስሎን ኦፔራ ቤት የምታውቁ ታውቁታላችሁ። በ2008 እ.ኤ.አ. የተከፈተ ነው። ጣሪያው ተዳፋት ሆኖ እስከ ባሕሩ ይወርዳል፤ ማንም ያለ ቲኬት ይራመድበታል። የኛም አዳራሽ በሩ ሲዘጋ ደጁ ክፍት ይሁን።

ጽሑፍን በተመለከተ ጠብ እንዳይነሳ ከወዲሁ እንነጋገር። የማን ቋንቋ ከላይ ይጻፍ? የኔ ሐሳብ የላይና የታች ነገሩን መተው ነው። ከዚህ ዳር ለሚገባው አንዱ፣ ከማዶ ለሚገባው ሌላው ቀድሞ ይታየው። መሃል ላይ ሲደርሱ ሁለቱንም ጎን ለጎን ያገኟቸዋል።

ደግሞ መጥረጊያውን ማን ይይዛል? ተራ ነገር እንዳይመስላችሁ። ግማሹን አንዱ፣ ግማሹን ሌላው የሚጠርገው ቦታ ቆሻሻው ራሱ ድንበር ይሆናል። የጥገናው ገንዘብ፣ የጽዳቱ ሠራተኛ፣ የመብራቱ ክፍያ፣ የመዝጊያ ሰዓቱ ጭምር በአንድ የጋራ ቢሮ ሥር ይሁን። ይህ ውል ከመሠረት ድንጋዩ በፊት ይፈረም።

በመጨረሻ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ቦታውን ልናይ ስንሄድ ከዚህኛው ዳር የመጣችሁ ወደ ማዶ ተሻገሩ። ከማዶ የመጣችሁ ደግሞ ወደዚህ ኑ። ከጠዋት እስከ ማታ ቁጭ በሉ። ፀሐዩ የት እንደሚበረታ፣ ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ፣ ልጆች በየት በኩል ወደ ውሃው እንደሚወርዱ እዩ። ከዚያ የራሳችሁን ዳር ከማዶ ሆናችሁ ንደፉት። ማታ ወረቀቶቹን አንድ ጠረጴዛ ላይ ዘርግተን እንጀምራለን።

አመሰግናለሁ።