የጆሯችን አጥንት ከየት መጣ

ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ። ዛሬ እንግዳ የለም፣ ብቻዬን ነኝ። የማወራችሁ ስለ አንድ ጥርስ ነው።

ባለፈው ወር ልጄን ይዤ ኒው ቤቴስዳ ሄድኩ። ደቡብ አፍሪካ፣ ኢስተርን ኬፕ ውስጥ ያለች፣ ተራሮች የከበቧት ትንሽ መንደር ናት። ካሩ በሚባለው ደረቅ አገር ለሱቅ ዕቃ ጭኜ ስንት ጊዜ ተመላልሻለሁ። ከድንጋይና ከበግ ሌላ ምንም ያለበት አይመስለኝም ነበር። መንገዱ አሰልቺ ስለሆነ ቶሎ ለማለፍ ነበር ሩጫዬ።

መንደሯ ውስጥ የቅሪተ አካል ማዕከል አለ። አስጎብኚው ወደ ወንዙ ይዞን ወረደ። ጎንበስ አለና በላስቲክ ጠርሙስ የያዘውን ውሃ ድንጋዩ ላይ ጠብ ጠብ አደረገ። ድንጋዩ ሲረጥብ አጥንቱ ቁልጭ ብሎ ወጣ። ከ250 ሚሊዮን ዓመት በላይ የሆነው አጥንት፣ እግራችን ስር!

ከዚያ የጎርጎኖፕሲያን ራስ ቅል ቅጂ አሳየን። ጎርጎኖፕሲያን ማለት ዳይኖሰር ገና ሳይመጣ፣ ከ265 እስከ 252 ሚሊዮን ዓመት በፊት አካባቢ የኖረ አዳኝ ነው። ትንንሾችም ግዙፎችም ነበሩ። ራስ ቅሉ ረዘም ያለ ነው። ከፊት የመንከሻ ጥርሶች ተደርድረዋል። ከእነሱ ቀጥሎ ክራንቻው አለ። ስለት ነው በሉት፤ ወደ ኋላ ቆልመም ብሏል። ከክራንቻው ኋላ ያሉት ደግሞ ኢምንት ናቸው። ማኘክ የለም፣ ቦጭቆ መዋጥ ነው።

ክራንቻው ጠርዝ ላይ ጣቴን አሳለፍኩ። ሻካራ ነው። ቶሎ ትዝ ያለኝ ማጭድ ነው፤ አያቴ ጤፍ ሲያጭዱበት የነበረው፣ ጥርስ ያለው ማጭድ። ይሄም ጠርዙ ላይ እንደዚያ ረቂቅ ጥርሶች አሉት። ሥጋ ለመቁረጥ ነው። ክራንቻው ቢሰበር ደግሞ ችግር የለም። አጠገቡ ሌላ ጉድጓድ አለ፣ ከዚያ አዲሱ ይበቅላል። ተራ በተራ። የፊት ጥርሷ በቅርቡ የወለቀው ልጄ በዚህ ቀናች። የእኛ አንዴ ብቻ ነው የሚተካው።

ድሮ እነዚህን እንስሳት «አጥቢ መሰል ተሳቢ» ይሏቸው ነበር። ስሙ ዛሬም አልጠፋም፤ እኔ ግን ልክ አይመስለኝም። ተሳቢ አይደሉም። እንሽላሊትና እባብ ከሚመዘዙበት ሐረግ ቀደም ብለው ተለይተዋል። የእኛ ወገን ናቸው። ከዓይናቸው ኋላ ያለው አንድ ቀዳዳ፣ በየቦታው የተለያየው ጥርሳቸው፣ ይሄ ሁሉ ወደ እኛ ነው የሚያደላው። በቀጥታ አልወለዱንም። የቅድመ አያት ወንድም በሏቸው።

አሁን ዋናው ነገር። የእኛ የታችኛው መንጋጭላ አንድ አጥንት ነው። የእነሱ ግን የብዙ አጥንት ግጣም ነበር። ከራስ ቅሉ ጋር የሚያጋጥሙት፣ እንደ ማጠፊያ የሚያገለግሉት፣ ሁለት አጥንቶች ነበሩ፤ አንዱ ከላይ፣ አንዱ ከታች። በዘመዶቻቸው በኩል በሚሊዮን ዓመታት ውስጥ እነዚህ ሁለቱ እያነሱ፣ እያነሱ ሄዱ። መንጋጭላው ሌላ መጋጠሚያ አበጀ። ሁለቱ ግን አልጠፉም፤ ወደ ጆሮ ገቡ። ትምህርት ቤት መዶሻና መስፍ ብለን የሸመደድናቸው የጆሮ አጥንቶች እነሱ ናቸው።

በ1837 ካርል ራይሸርት የሚባል ጀርመናዊ የአሳማ ፅንስ ሲመረምር ነው ይህን ዝምድና ያየው። በፅንስ ላይ መዶሻው መጀመሪያ የሚበቅለው ከመንጋጭላው ጋር ተያይዞ ነው። እናንተም እናታችሁ ሆድ ውስጥ እንደዚያ ነበራችሁ። አሁን ድምፄን የሚያደርስላችሁ አጥንት አንድ ጊዜ መንከሻ ነበር። ይህን ካወቅኩ ጀምሮ ማይክ ፊት ስቀመጥ ሌላ ስሜት ነው ያለኝ።

ጎርጎኖፕሲያኖቹ እንኳ አለቁ። ከ252 ሚሊዮን ዓመት በፊት ሳይቤሪያ ውስጥ እሳተ ገሞራው ሲፈነዳ፣ ምድር ሞቀች፣ አብዛኛው ሕይወት ጠፋ። ያ ሁሉ ክራንቻ አላዳናቸውም። ከወገናቸው ትንንሾቹ ተረፉ። እኛ የመጣነው በእነሱ በኩል ነው።

ስንመለስ ለልጄ የፔጊን ታሪክ ነገርኳት። በ1934 እዚያው አካባቢ የአሥር ዓመት ልጅ ሆና አንድ ራስ ቅል አገኘች። አባቷ ሲድኒ ሩቢጅ የበግ አርቢ ነበሩ። ከዚያ ቀን በኋላ ቅሪተ አካል መሰብሰብ ያዙ። ሮበርት ብሩም የተባለው ሐኪምና ተመራማሪ ያንን ራስ ቅል ዳይኖጎርጎን ሩቢጄይ ብሎ ሰየመው፤ በቤተሰቡ ስም።

ልጄ ዝም ብላ ሰማችኝ። የኋላ ወንበር ላይ ናት፣ በመስታወት አያታለሁ። ጣቷን ጆሮዋ ፊት አድርጋ አፏን ትከፍታለች፣ ትዘጋለች። ደግማ ትከፍታለች።

«አባዬ» አለችኝ፣ «ይሰማኛል።»