ህዋስ የቆመበትን ያውቃል

ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ።

እማዬ እጇ ላይ የቆየ ጠባሳ አላት። እኔ ልጅ ሆኜ ምጣድ ነው ያቃጠላት። ባለፈው ቅዳሜ አጠገቧ ቁጭ ብዬ ስዳብሰው፣ ያ ሁሉ ዓመት አልፎት አሁንም ድርቅ እንዳለ ነው፤ ዙሪያውን ያለውን ቆዳ ወደ ራሱ ሰብስቦታል።

ያን ጊዜ አንድ ጥናት ትዝ አለኝ። በፈረንጆቹ 2006 አዳም ኤንግለርና ዴኒስ ዲሸር ከባልደረቦቻቸው ጋር ፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ የሠሩት ነው። ከሰው የአጥንት መቅኔ ግንደ ህዋስ ወሰዱ፤ ገና ምን እንደሚሆን ያልለየለት ህዋስ ማለት ነው። ጄል ላይ አስቀመጡት። ጄሉ ያው፣ ላዩ ላይ የተቀባው ኮላጅን፣ ማለትም ቆዳና አጥንትን አያይዞ የሚይዘው ፕሮቲን፣ ያው፣ ምግቡም ያው። የሚለያየው ጥንካሬው ብቻ ነው፦ አንዱ እንደ አንጎል የላላ፣ አንዱ እንደ ጡንቻ፣ አንዱ ደግሞ ገና ሊጠነክር እንዳለ አጥንት።

ምን ሆነ መሰላችሁ? በላላው ላይ ያሉት ቅርንጫፍ አውጥተው ነርቭ መሰሉ። መሀለኛው ላይ ያሉት ረዘም ብለው የጡንቻ ጠባይ ያዙ። ጠንካራው ላይ ያሉት ወደ አጥንት ሠሪነት ሄዱ። ህዋሱ የቆመበትን ጎተት እያደረገ ይፈትሻል፣ ልክ እኛ አቮካዶ ስንገዛ በአውራ ጣታችን ጫን አድርገን እንደምናየው። የሚጎትትበትን ማዮሲን የሚባል ፕሮቲን በኬሚካል ሲያስሩበት ግን መለየት አቃተው።

እኔን የገረመኝ ሌላም አለ። በየላብራቶሪው ህዋስ የሚያድግበት የፕላስቲክ ሳህን ከጡንቻ በመቶ ሺዎች እጥፍ ይጠነክራል። ስንት ዘመን ህዋስን ድንጋይ ላይ አስተኝተን ጠባዩን ስናጠና ኖረናል ማለት ነው።

ከዚያ 2014 ላይ ኮሎራዶ ውስጥ የክሪስቲ አንሴት ቡድን ብርሃን ሲያርፍበት የሚለሰልስ ጄል ይዞ መጣ። ጠንካራው ላይ 1 ቀን ብቻ የቆዩ ህዋሶች፣ ጄሉ ሲለሰልስ እነሱም ወደ ቀድሞ ጠባያቸው ተመለሱ። 10 ቀን የቆዩት ግን አልተመለሱም፤ ከሥራቸው ያለው ነገር ለስልሶም ውስጣቸው ገና ጠንካራ ላይ እንደቆሙ ያህል ነበር። ይቺን ቦታ ሳነብ ዝም ብዬ ቆየሁ።

ጠባሳም ላይ የሚሆነው ከዚህ ብዙ አይርቅም። ቁስል ሲድን ኮላጅን የሚዘረጉ ህዋሶች አሉ። ቦታው ሲጠነክርባቸው እነሱም ይበረታሉ፣ ይጎትታሉ፣ ሌላ ኮላጅን ይጨምራሉ፣ ያ ደግሞ ቦታውን መልሶ ያጠነክረዋል። ጉበትና ሳንባ ላይ ሲሆን ሰው ሊገድል ይችላል። ለዚህ ነው ይሄን ዙር የሚሰብር መድኃኒት የሚፈልጉ ሰዎችን ሥራ በጉጉት የምከታተለው።

ይሄን ሁሉ ለእማዬ ነገርኳት። ጠባሳውን በአውራ ጣቷ ጫን አድርጋ አየችውና፣ «ታዲያ ይሰማዋል በለኛ» አለችኝ።

አዎ እማዬ፣ ይሰማዋል።