«አታምሹ» ላሉን

እህቶቼ፣ እናቶቼ፣ ከጎናችን ለመቆም የመጣችሁ ወንድሞቻችን፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ሰላምታውን አላረዝምም፣ በቀጥታ ወደ ጉዳዬ ልግባ።

አንዲት ሴት መንገድ ላይ ስትጠቃ መጀመሪያ የምትመረመረው እሷ ናት። ምን ለብሳ ነበር? በዚያ ሰዓት ምን ትሠራ ነበር? ለምን ብቻዋን ሄደች? ከጥያቄው ቀጥሎ ምክሩ ይመጣል። አታምሹ። በዚያ በኩል አትለፉ። ብዙ ጊዜ እንዲህ የሚመክሩን የሚወዱን ሰዎች እንደሆኑ አውቃለሁ። ግን ውጤቱን እዩት። ያጠፋው እሱ፣ ቤት የምትታሰረው እሷ።

እ.ኤ.አ. በ1977 እንግሊዝ ውስጥ ሊድስ በምትባል ከተማ ሴቶች እምቢ ያሉት ይህንኑ ምክር ነው። በአካባቢው ሴቶችን እያደነ የሚገድል ሰው ነበር። ፖሊስ ገዳዩን መያዝ ሲያቅተው ሴቶቹን «ከመሸ አትውጡ» አላቸው። እነሱም በኖቬምበር ወር፣ በጨለማ፣ ተሰልፈው ወጡ። ሰዓት እላፊ የግድ ከሆነ ወንዶቹ ላይ ይታወጅ አሉ። ገዳዩ የተያዘው በ1981 መጀመሪያ ነው፣ ከሰልፉ በኋላ ሦስት ዓመት አልፎ ማለት ነው። ያን ሁሉ ጊዜ የሌሊት ተረኛዋ ነርስ ሥራዋን ትተው ነበር? ፋብሪካ የምታመሸዋስ ልጆቿን በምን ታሳድግ? «አትውጡ» የሚል ሰው ይህን ሲመልስ ሰምቼ አላውቅም።

ሰልፍ ደስ ይላል፣ ድምፅ ያሰማል። በማግስቱ ግን ያው ጨለማ መንገድ ይጠብቀናል። ስለዚህ እኔን ይበልጥ የሚመስጠኝ በ1980ዎቹ ካናዳ፣ ቶሮንቶ ውስጥ የተጀመረው ሥራ ነው። የተደራጁ ሴቶች ሲመሽ በቡድን ሆነው ሰፈሩን በእግር ይዞራሉ። በየቦታው ቆም እያሉ እርስ በርስ ይጠያየቃሉ። መብራቱ ይሠራል? እዚህ ጥግ ሰው ቢደበቅ ይታያል? ብትጮሂ የሚሰማሽ አለ? መሮጥ ቢኖርብሽ በየት በኩል ትወጫለሽ? ሁሉንም ጽፈው ለሚመለከተው ክፍል ይዘው ይሄዳሉ። በኋላ ዘዴው በብዙ አገር ከተሞች ተሠርቶበታል። በዚያችው ከተማ ከ1991 ጀምሮ በምሽት ብቻዋን የተሳፈረች ሴት ፌርማታ ሳትጠብቅ ቤቷ አቅራቢያ ከአውቶቡስ መውረድ ተፈቀደላት። ለዚህ አዲስ አውቶቡስ አላስፈለገም። የተለወጠው ሾፌሩ የሚሠራበት መመሪያ ነው።

ይህ እውቀት ከቢሮ የመጣ አይደለም። የትኛው መብራት ከተቃጠለ እንደቆየ፣ የትኛው ጥግ ላይ ለካፊዎች እንደሚቆሙ፣ የትኛው አጥር ጋ ስትደርሱ እርምጃችሁን እንደምታፈጥኑ እዚህ ያላችሁ ሴቶች ሁሉ ታውቃላችሁ። ለየብቻ ስለምናውቀው ግን የየግላችን ፍርሃት ሆኖ ይቀራል። አንድ ወረቀት ላይ ሲሰፍር ማንም «ታጋንናላችሁ» ሊለን አይችልም።

ካይሮ ውስጥ ይህንኑ በስልክ አደረጉት። በ2010 ጥቂት ሴቶች ትንኮሳ የሚደርስባቸው ሰዎች የሆነውን በአጭር መልእክት የሚልኩበትና ቦታው ካርታ ላይ የሚታይበት ሥራ ጀመሩ። የወደድኩላቸው ካርታው ላይ አለመቆማቸውን ነው። በጎ ፈቃደኞች ወደየመንገዱ ወጥተው ባለሱቁን፣ የሕንፃ ጥበቃውን፣ ቆሞ የሚያየውን ሁሉ ያነጋግሩ ነበር፦ «እዚህ በርህ ላይ ሲሆን ለምን ዝም ትላለህ?» ለካፊው የሚደፍረው እኮ ተመልካቹ ዝም እንደሚል ስለሚያውቅ ነው። «ቀልድ ነው፣ አታካብዱት» የሚል ጓደኛውን ይዞ ነው የሚሄደው።

ናይሮቢን ደግሞ አስታውሱ። በኖቬምበር 2014 አንዲትን ሴት አለባበሷ ነውር ነው ብለው ወንዶች አውቶቡስ መናኸሪያ ላይ ልብሷን ገፈፏት። ሰልፉን የጠሩት እናቶች ስለ ልጅና ስለ ኑሮ የሚያወሩበት የፌስቡክ ቡድን አባላት ናቸው። «ልብሴ፣ ምርጫዬ» እያሉ ወጡ። ዓመቱ ሳያልቅ ሰውን በግድ ልብስ መግፈፍ ቢያንስ 10 ዓመት የሚያስቀጣ ወንጀል ሆኖ በሕግ ተደነገገ።

አሁን ወደ ከባዱ ልምጣ። እስካሁን ስለ መንገድ አወራሁ፣ ብዙዎቻችን ግን የምንጎዳው ቤት ውስጥ ነው። የተባበሩት መንግሥታት ግምት እንደሚለው በ2023 በዓለም ላይ 51,100 ያህል ሴቶችና ልጃገረዶች በባል፣ በፍቅረኛ ወይም በቤተሰብ አባል ተገድለዋል። በቀን 140 ማለት ነው። ከተማ ውስጥ ግድግዳ ተጋርተን እንኖራለን፣ ጩኸቱ ይሰማናል፣ ጠዋት ደረጃ ላይ ስንገናኝ ግን «እንደምን አደርሽ» ብለን እናልፋለን። ስታማክረን «ለልጆችሽ ስትይ ቻይው» እንላለን። እባካችሁ ይህን ቃል እንተወው። ችለው የሞቱ አሉ።

ለንደን ውስጥ በ1971 ሴቶች እየተገናኙ የሚጨዋወቱበት ቤት ተከፈተ። የተደበደቡ ሴቶች መምጣት ሲጀምሩ የመጡትን አልመለሱም። በዘመናችን ከታወቁት የመጀመሪያዎቹ መጠለያዎች አንዱ የሆነው እንዲህ ነው። ማንም አስቀድሞ አላቀደውም። የምትሄድበት ቤት ያላት ሴት ብቻ ናት «ለምን አትለይውም?» ተብላ መጠየቅ የምትችለው።

ሁለት ነገር አደራ እላለሁ። ተጠቂዋ ሳትፈቅድ ስሟንም ፎቶዋንም አትለጥፉ፣ በእልህም ቢሆን። ተጠርጣሪውንም በደቦ አትደብድቡ። እሷ የምትፈልገው ፍርድ ነው፣ ጠቡ እናንተ ዘንድ ሲዞር የእሷ ጉዳይ ይረሳል።

ከዚህ ስንወጣ በሩ ላይ ሁለት መዝገብ ታገኛላችሁ። አንዱ የማታውን የእግር ዙር ለሚዞሩ ነው። ሌላው በችግር ሌሊት በራቸውን ለሚከፍቱ፣ ፖሊስ ጣቢያና ሐኪም ቤት አብረው ለሚሄዱ ነው። ይኼኛውን ለማንም አናሳይም። ወንድሞቼ፣ እናንተም ዙሩ ላይ ተመዝገቡ። ወረቀቱን ያዙልን፣ ባትሪውን አብሩልን፣ የሚጻፈውን እኛ እንነግራችኋለን።