ጉበት ያበቅላል የተባለው መርፌ

የተከበራችሁ የሥራ ባልደረቦቼ፣ እንኳን ወደ ሐረር በሰላም መጣችሁ። በማለዳ ከድሬ ተነስታችሁ የደንገጎን ዳገት ለወጣችሁ ልዩ ምስጋና አለኝ።

የተሰጠኝ ርዕስ ከቀዶ ሕክምና በኋላ ጉበትን በእድገት ፋክተርና በሆርሞን ስለማገዝ ነው። እድገት ፋክተር ማለት ሴሎች እንዲያድጉና እንዲባዙ የሚያዝ ፕሮቲን ነው። እደርስበታለሁ። መጀመሪያ ግን ስለ አንድ አባት ልንገራችሁ።

ከድሬ፣ ከገንደ ቆሬ ሰፈር ነው የመጡት። ልጃቸው ጉበቱ ላይ ዕጢ ነበረበት። መጀመሪያ ሲታይ ተቆርጦ ሊወጣ የሚችል ነበር። አባትየው ፌስታላቸውን ፈተው 6 ብልቃጥ ጠረጴዛዬ ላይ ደረደሩ። «ዶክተር፣ መድኃኒቱን ይዤ መጥቻለሁ። አንተ ቁረጠው፤ ይሄ መልሶ ያበቅለዋል ብለውኛል» አሉኝ። እንጀራቸው የነበረችውን ባጃጅ ሸጠው ነው የገዙት። ብልቃጦቹ ላይ የአምራች ስም እንኳ የለም። ገንዘቡ እስኪሞላ ልጁን 4 ወር ቤት አቆይተውታል። «አብሽር ልጄ፣ መድኃኒትህ እየመጣ ነው» እያሉ። እኛ ጋ ሲደርስ ዕጢው ዋናውን ደም ሥር ዘግቶት ነበር። የሚቆረጥ ነገር አልነበረም። ልጁን ቀበሩት።

እነዚያን ብልቃጦች የሸጠው ሰው ሌባ ነው። የሰረቀው ባጃጇን ብቻ አይደለም፤ 4 ወር ሰርቋል! እኛም ዝም ስላልን ነው የደፈረው።

አሁን ወደ ርዕሱ። የተቆረጠው የጉበት ክፍል አይበቅልም፤ የቀረው ነው የሚያድገው። በ1931 እ.ኤ.አ. ሂጊንስና አንደርሰን የአይጥ ጉበት ሁለት ሦስተኛውን ቆርጠው አወጡ። የቀረው በሁለት ሳምንት ገደማ የቀድሞ መጠኑን ያዘ። ሰው ላይ ወራት ይፈጃል። ለዚህ ሥራ ገላችን የራሱ መልእክተኞች አሉት። ኢንሱሊን ከቆሽት ተነስቶ ወደ ጉበት ደም በሚያመጣው በፖርታል ደም ሥር ይደርሳል። ጉበቱ ውስጥ የሄፓቶሳይት፣ ማለትም የጉበት ሴል፣ እድገት ፋክተር ይለቀቃል። እድገቱን በቃ የሚለው ደግሞ ቲጂኤፍ ቤታ የሚባል ሌላ ፕሮቲን ነው። የእድገት ፋክተሩም፣ የታይሮይድ ሆርሞንም እንስሳት ላይ እድገቱን አፋጥነዋል። ተስፋው እውነት ነው። ግን ያው የእድገት ፋክተር የካንሰር ሴልንም ይቀሰቅሳል። ዕጢ ላወጣንለት ሰው ይሄን እንዴት በድፍረት እንሰጣለን? ጉበት ለተቆረጠ ሰው የዘወትር ሕክምና ሆኖ የጸደቀ እንዲህ ያለ መርፌ የለም። ለታካሚው እንዲህ ብላችሁ በግልጽ ንገሩት።

ዋናው የሚቀረውን መለካት ነው። ጤነኛ ጉበት ከሆነ ሩብ ያህሉ ቢቀር ይበቃል። ሲሮሲስ፣ ማለትም የጉበት መጠጠርና መጠባሰስ፣ ካለ 40 በመቶ ገደማ ያስፈልጋል። ከተቻለ ቶሎ ምግብ ማስጀመር፣ ኢንፌክሽን መከላከል። የሄፓታይተስ ቢ ክትባትም አይረሳ።

ለታካሚ ቤተሰብ የሚሰጥ አንድ ገጽ ጽሑፍ በአማርኛ አዘጋጅቻለሁ። ወደ ኦሮምኛ፣ ሶማሊኛና ሐረሪ የሚመልሱልኝ ሰዎች እፈልጋለሁ። በሻይ ሰዓት በሩ አጠገብ እጠብቃችኋለሁ። አመሰግናለሁ።