«አስራ አምስት ዓመት?»

እሺ... እየቀዳ ነው? እየቀዳ ነው። ወንበሩ ዛሬም ይንቋቋል፣ ስለሱ ኮመንት እንዳትጽፉ። ዘይት ቀባሁት። ባሰበት።

ቃል የገባሁላችሁ የቤት ኪራዩ ጉዳይ ለሚቀጥለው ይሁን። ይቅርታ። ካለፈው ሐሙስ ጀምሮ አንድ የስልክ ወሬ ከጭንቅላቴ አልወጣ ብሏል።

እታለም ደወለች። ታውቋታላችሁ፣ የዱባይዋ። «ሁለት ዓመት ብቻ» ብላ ሄዳ ዘጠነኛውን የያዘችው። እዚህ ከሌሊቱ አምስት ተኩል፣ እዚያ ስድስት ተኩል። ልብስ ማጠቢያው ክፍል ውስጥ ናት። ስልኩን የበረኪና ጠርሙስ ላይ አስደግፋ ትተኩሳለች። ቤቱ ስለተኛ በሹክሹክታ ነው የምናወራው። እኔ ለምን እንደማንሾካሾክ አላውቅም፣ እኔ ቤት ማንም የለም።

«አንተ ልጅ፣ ይሄ ቤት የሚያጸዳ ሮቦት የሚሉት እውነት ነው እንዴ? ማዳም ስታይ ነበር። መቼ ነው የሚመጣው?»

እኔን ደግሞ ታውቁኛላችሁ። ቴክኖሎጂ ነክ ነገር ተጠይቄ ዝም ካልኩ ያመኛል። እንጀራዋ ላይ ሊመጣባት ነው፣ ፈርታለች ብዬ ገመትኩ። «ኧረ አትስጊ!» ብዬ ጀመርኩ።

ኢሎን መስክን አነሳሁ። በፈረንጆቹ 2024 ሪያድ በተደረገ የኢንቨስትመንት ጉባኤ ላይ በቪዲዮ ቀርቦ፣ በ2040 ቢያንስ 10 ቢሊዮን ሰው መሰል ሮቦት ይኖራል አለ። የአንዱ ዋጋ ከ20 እስከ 25 ሺህ ዶላር። ሪያድ ላይ! በዚያች ሰዓት እኮ ሪያድ ውስጥ ስንቷ የእኛ ልጅ ወለል እየወለወለች ነበር። ይሄን ለሷ አላልኳትም፣ አሁን ነው የመጣልኝ።

«እሱን ተይው» አልኳት። «ሮድኒ ብሩክስ የሚባሉ ሰውዬ አሉ። ሩምባን፣ ያቺን ወለል ለወለል የምትሽከረከር ክብ መጥረጊያ የሠራውን ኩባንያ ከመሠረቱት አንዱ ናቸው። እሳቸው በ2025 ምን ብለው ጻፉ መሰለሽ...» ሰውዬው የሚሉት፣ ሮቦቶቹ የሰው ሥራ በቪዲዮ እያዩ የእጅ ሙያ ሊማሩ አይችሉም ነው። እጅ የሚያውቀው በመዳሰስ ነው። አንድ የሰው እጅ ላይ ወደ 17 ሺህ የሚጠጉ የመዳሰሻ ሕዋሳት አሉ። ቪዲዮ ይሄን አይቀዳም።

እኔ ይሄን ስሰብክ እሷ የአንዱን ቀሚስ አንገት በሁለት ጣቷ ቆንጠጥ አደረገች። ለአፍታ ነው። «ገና እርጥብ ነው» ብላ ወደ ጎን አኖረችው። «ይኸው! ይሄን ነው የማይችለው!» ብዬ ጮህኩ። ቀና ብላም አላየችኝ።

አላቆምኩም። ቤጂንግ ላይ በ2025 ሚያዝያ ከሰው ጋር ግማሽ ማራቶን የሮጡትን 21 ሮቦቶች ነገርኳት። አንዱ መነሻው ላይ ተዘርሮ ለደቂቃዎች ተኛ። ከሮቦቶቹ አንደኛ የወጣው፣ ሦስት ጊዜ ባትሪ ተቀይሮለት፣ 2 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ፈጀበት። ከሰዎቹ ያሸነፈው ማን መሰላችሁ? ኤልያስ ደስታ፣ የኛው ልጅ! በ1 ሰዓት ከ2 ደቂቃ። ይሄ ስለ ቤት ሠራተኝነት ምን ያረጋግጣል? ምንም። ግን ደስ ይላል።

ከዚያ ኒዮ የሚባለውን አነሳሁ። በ2025 ጥቅምት ለሽያጭ የቀረበው የቤት ሮቦት፣ 20 ሺህ ዶላር። አንዲት ጋዜጠኛ ስትሞክረው ሦስት ዕቃ ሰሃን ማጠቢያው ማሽን ውስጥ ለመክተት 5 ደቂቃ ወሰደበት። ያውም ራሱ አይደለም። ዓይኑ ላይ መነጽር ያጠለቀ ሰው ነው ከሩቅ የሚያንቀሳቅሰው።

እዚህ ጋ ሳቀች። አፏን በእጇ ይዛ። «እንግዲያ እኔው ነኛ! ደሴ ቁጭ ብዬ የማዳምን ሰሃን ላጥብ?»

አብሬ ሳቅኩ። በኋላ ግን... ቆይ፣ ቢሆንስ? ቪዛ የለ፣ ፓስፖርትሽን የሚይዝብሽ የለ፣ ማታ ልጅሽን አቅፈሽ ትተኛለሽ። ግን መብራት ሲጠፋስ? የማዳም ብርጭቆ አየር ላይ ተይዞ ይቀራል? ክፍያውስ በዱባይ ሒሳብ ነው በደሴ? እንደምገምተው በደሴ ነው። እና እሺ፣ ተውት።

ወደ ሐሙስ ልመለስ። ሳቋ አለቀና፣ «እና ስንት ዓመት ነው የምትለው?» አለች። ብሩክስ ከ15 ዓመት በኋላ ሰው መሰል የሚባል ሮቦት በሽ ይሆናል፣ መልኩ ግን ሰው አይመስልም ይላሉ። እግሩ ጎማ ይሆናል ምናምን። እኔ ግን አሳጠርኩት። «ቢያንስ አስራ አምስት ዓመት። ተረጋጊ» አልኳት።

«አስራ አምስት ዓመት?»

ይቺን ነው። ልላት እሞክራለሁ፣ ድምፄ አይመጣላትም። «አስራ አምስት ዓመት?» የተገላገለ ሰው ድምፅ አልነበረም። የደነገጠም አልነበረም። ካውያው ችስ አለ። ከዚያ «ማዳም ነቃች መሰለኝ» አለች። ተዘጋ።

እኔ ሥራዋን የሚነጥቃት መጥቶባት መስሎኝ ነበር። ምናልባት የሚተካት እየጠበቀች ቢሆንስ? ዘጠኝና አስራ አምስት ሃያ አራት። ልጅቷን የሦስት ዓመት ሆና ነው የተወቻት። ወይም... አላውቅም፣ ዝም ብላ የጠየቀችም ሊሆን ይችላል። ሰው ሲተኩስ ብዙ ነገር ይጠይቃል።

ብሩክስንም ቢሆን አብዝቼ አምኛቸው ይሆናል። በኋላ ያቋቋሙት ኩባንያ፣ ሪቲንክ፣ በ2018 ተዘግቷል። እባብ ያየ በልጥ በረየ ነው? ወይስ ስለተቃጠሉ ነው ከሁሉም በላይ የሚያውቁት?

ማታ ልደውልላት ነው። ምን ብዬ እንደምጀምር ግን... «ባለፈው አስራ አምስት ያልኩሽ» ብዬ? አስር ነው ልበላት? ሃያ? የትኛው እንደሚሻላት ሳላውቅ እንዴት... ኧረ ይሄ ወንበር! ሰማችሁት?