«አሙቄ ጠበቅኩህ»

ስለ ጎማ ልናወራ ነበር፣ አውቃለሁ፣ ባለፈው ቃል ገብቼላችኋለሁ። ይቆየን። አንድ ልጃችን ሊገዛ ያሰበውን መኪና ሊያይ ሄዶ፣ ቀርጾ ከዱባይ የላከልኝ ቪዲዮ አላስቀምጥ ብላኛለች።

የ2007 ፌራሪ ኤፍ 430 ነው። ቀይ፣ ሌላ ምን ይሆናል። ባለ ኤፍ 1 ካምቢዮ፤ ፍሪሲዮን ፔዳል የለውም፣ ማርሹ ከመሪው ኋላ በጣት ነው የሚቀየረው። አል ቆዝ የሚባለው የዱባይ ሠፈር ውስጥ አንድ ጋራዥ በር ላይ ቆሟል። ልጃችን ስልኩን ደቅኖ ሲደርስ ሻጩ፣ የአገር ልጅ ነው፣ ሞቅ ያለ ሰላምታ ሰጥቶት፣ «ና ወንድሜ፣ እንዳትጉላላ ብዬ አሙቄ ጠበቅኩህ» ይለዋል። ልጃችንም «እግዜር ይስጥልኝ!» ሞተሩ ከኋላ እየሠራ ነው።

እኔ እዚያች «እግዜር ይስጥልኝ» ላይ ተተክዬ ቀረሁ።

ምክንያቱም... የ430 ትልቁ በሽታ የጭስ ማኒፎልዱ ነው፤ ከሲሊንደሮቹ የሚወጣውን ጭስ የሚሰበስበው ቧንቧ። በግራና በቀኝ አንድ አንድ አለ፤ ሙቀት መከላከያው ስለሚሸፍነው ዋናውን ቧንቧ በዓይን አታየውም። እዚያ ውስጥ ታፍኖ ይግላል፣ ይበርዳል፣ ይግላል፣ ይበርዳል፣ አንድ ቀን ብየዳው ጋ ይሰነጠቃል። ከስንጥቁ የሚያመልጠው ጭስ ትክ ትክ ትክ ይላል፤ ነዳጅ ስትረግጥ አብሮ ይፈጥናል። መቼ ነው የሚሰማው? ብረቱ ቀዝቃዛ ሳለ። ሲግል ብረቱ ይለጠጣል፣ ስንጥቁ ይገጥማል፣ ድምፁም ጥፍት ይላል። ደቂቃዎች ይበቁታል። ስለዚህ በሞቀ 430 ሥር ተኝተህ ጆሮህን ብትሰጥ ጤነኛ መኪና ነው የምትሰማው።

ነገሩ ድምፅ ብቻ ቢሆን ባልከፋ። ማኒፎልዱ ውስጥ የመጀመሪያዋ ትንሽ ካታሊስት፣ የጭሱን መርዝ የምትቀንሰው፣ አለች፤ ውስጧ እንደ ማር እንጀራ የተቦረቦረ ሴራሚክ ነው። እሷ ስትፈረፈር ፍርፋሪው ሁሉ በማርሚታ አይወጣም፤ ሞተሩ መልሶ ሊስበው ይችላል። ሲሊንደር ውስጥ ገብቶ ግድግዳውን ከጫረ ከዚያ በኋላ ወሬው የማኒፎልድ አይደለም፣ የሞተር ነው። የ4.3 ሊትር፣ የ8 ሲሊንደር ሞተር።

እና በአንድ «አሙቄ ጠበቅኩህ» ስንት ነገር እንደሄደ አስቡት። ቪዲዮዋን ደግሜ ሳይ አንድ በአንድ ነው የሚታየኝ። በሩን ሲከፍት፣ በቀዝቃዛው ቢሆን፣ ቁልፍ ሳይገባ የኤፍ 1 ፓምፕ፣ ማርሹን የሚቀይረውን የዘይት ግፊት የሚሞላው፣ ለጥቂት ሰከንድ እምምም ብሎ ግፊት ሞልቶ ዝም ማለት ነበረበት። የዚያ ካምቢዮ ጤና የሚጀምረው እዚያ ነው። ከዚያ ሞተር ሳታስነሳ ቁልፉን ብቻ ከፍተህ ማርሽ ሳትነካ ቁጭ ትላለህ፤ ፓምፑ በየጥቂት ሰከንዱ ከተነሳ ግፊት የሚይዘው አኩሙሌተር ደክሟል፣ ወይም አንድ ቦታ ያፈሳል። ፓምፑን የምታበራና የምታጠፋው ሪሌም አለች። ርካሽ ዕቃ ናት፣ ግን ተጣብቃ ከቀረች ፓምፑ ሳያቋርጥ ሠርቶ ይቃጠላል፤ ፓምፑ ደግሞ ርካሽ አይደለም። ይህ ሁሉ ሞተሩ እየጮኸ አይሰማም። ሲነሳ የሚወጣው ጭስ ቀለም፣ እሱም ሄደ። የባትሪው ጉልበት ሄደ። የኤርባግ መብራት... ቁልፍ ሲከፈት በርቶ መጥፋት አለበት። ጭራሽ ካልበራ አንድ ሰው አምፖሉን ነካክቶታል፤ ከአሜሪካ ጨረታ ተገጭቶ የመጣ መኪና ላይ ደግሞ ይህ ብርቅ አይደለም። እሱንም ልጃችን አላየውም። በርቶ ይጥፋ፣ ጭራሽ አይብራ፣ በምን ይወቀው?

የመጀመሪያዋ ደቂቃ ናት እኮ መኪናው ራሱ የሚናገርባት። ከዚያ በኋላ የሚናገረው ሻጩ ነው።

እሺ፣ ማግኔት ይዞ እንደሄደ ጠይቄው ነበር። [ሳቅ] የኛ ማግኔት! ለአዲሶቹ፦ ብረት ላይ ይጣበቃል፣ ቀለሙ ሥር ስቱኮ ከተሞላ ግን አይጣበቅም። የ430 አካል አልሙኒየም ነው፣ የትም አይጣበቅም፣ ስለዚህ «ስቱኮ አለበት» ብላችሁ እንዳትጮሁ። አልሙኒየም የሚያነብ የቀለም መለኪያ ነው የሚያስፈልገው። ከ100 እስከ 180 ማይክሮን (የሚሊሜትር ሺኛ) አካባቢ ካነበበ ደህና ነው፤ አንዱ በር 130 ሆኖ ጎኑ ያለው ፓራፋንጎ 400 ካለ፣ ያ ፓራፋንጎ ታሪክ አለው። የፊትና የኋላ መከላከያዎቹ ላይ መለኪያው ምንም አይልም፣ ፕላስቲክ ናቸው። ከመለኪያው ይልቅ እኔ የወንበር ቀበቶውን ምልክት እወዳለሁ። ቀበቶውን እስከ መጨረሻው ሳቡት፣ ታች የተሰፋች ጨርቅ ላይ የተመረተበት ቀን አለ። መኪናው የ2007 ሆኖ የሹፌሩ ቀበቶ የ2013 ከሆነ፣ ቀበቶ በደስታ አይቀየርም።

ፍሪሲዮኑን ሻጩ «22 በመቶ ነው ያለቀው» ብሎታል። ቁጥሩ ከኮምፒውተር ነው የሚመጣው፣ አዎ። ግን ኮምፒውተሩ ፍሪሲዮኑን ገብቶ አያየውም፤ አዲስ ሲገጠም መካኒኩ ካስገባው መነሻ ቁጥር ጋር አወዳድሮ ያሰላል። መነሻው ስህተት ከሆነ 22ቱም ስህተት ነው። ስለዚህ የተቀየረበት ደረሰኝ ይምጣ፣ ኪሎ ሜትሩ የተጻፈበት። ማኅተም ብቻ ያለበት ደብተር አይበቃም፤ ማኅተም ማንም ያስቀርጻል። ፓርኪንግ ራምፕ ላይ ወደ ኋላ እየተንፏቀቀ የኖረ ኤፍ 1 ደግሞ ፍሪሲዮኑን በትንሽ ኪሎ ሜትር ይጨርሳል።

የ355 ሰዎች፣ የድሮውን ፌራሪ ማለቴ ነው፣ እናንተ ደግሞ እንዳትቆጡ። ከ1994 እስከ 1999 የተሠራው፣ እኔ ከሁሉም መልኩን የምወደው። እሱ ላይ የሞተሩን ቫልቮች የሚያንቀሳቅሰውን ቺንጋ ለመቀየር ሞተሩ ከመኪናው ይወርዳል። ጠቅላላ ሞተሩ! ከእሱ ቀጥሎ የመጣው 360 ላይ ከመቀመጫዎቹ ኋላ ያለውን ሽፋን ፈትተህ ትደርስበታለህ። 430 በቺንጋ ፋንታ ካቴና ነው ያለው፣ ከዚህ ጣጣ ነፃ ነው፤ ለዚህ ነው ሰው «ጣጣ የሌለው ፌራሪ» ብሎ የሚገባበት፣ ከዚያ ማኒፎልዱ... ምን ልል ነበር?

አዎ፣ ሻጩ። ቆይ ግን፣ በእውነት ከልቡ ቢሆንስ? በኛ ደንብ እንግዳ ሲመጣ አዘጋጅተህ ነው የምትጠብቀው። ሰውየው ድምፁ ላይ ተንኮል የለም፣ ደግሜ ሰምቼዋለሁ። ምናልባት ስለ ማኒፎልድ ሰምቶም አያውቅ። ምናልባት የከፋሁት እኔ ነኝ። ብቻ መኪናው የሻጩን ልብ አያውቅም፤ ከልብም ይሁን በተንኮል፣ ስንጥቅ ካለ ገጥሟል።

አንተ ልጅ፣ ከሰማኸኝ፣ «ነገ ጠዋት እመጣለሁ፣ ሳታስነሳው ጠብቀኝ» በለው። በትሕትና። ዱባይ በሐምሌ ሌሊቱም አይበርድም ትለኛለህ፤ ለማኒፎልድ 35 ዲግሪ በረዶ ነው፣ ስትደርስ የውኃ ሙቀቱን ጌጅ እይ። ከዚያ ክሪክ ላይ ሳይሆን ሊፍት ላይ ይውጣ፣ የሥር ሽፋኖቹ ይፈቱ። ሽፋን ሳይፈታ «አየሁት» የሚል መካኒክ ሽፋን ነው ያየው። የስሕተት ኮዶቹንም ያንብብ፤ ምንም ኮድ የለም፣ ግን መኪናው በራሱ የሚያደርጋቸው ምርመራዎች ገና አልተጠናቀቁም ካለ፣ ወይ ባትሪ ተነቅሏል ወይ አንድ ሰው ሰሞኑን ኮዶቹን አጥፍቷቸዋል።

እምቢ ካለህስ? «ሌላ ገዢ ዓርብ ይመጣል» ማለቱ አይቀርም። ይምጣ።

አሁን ግን ሌላው የሚያሳስበኝ ኪሎ ሜትሩ ነው። 19 ሺህ። በዚህ ሁሉ ዓመት። ልጃችን ይህን እንደ ትልቅ ነገር ነው የጻፈልኝ፣ ገበያውም ለትንሽ ኪሎ ሜትር ይከፍላል፣ አልክድም። ግን የቆመ መኪና ዘይት የሚያግዱት ጎሚኒዎቹ ይደርቃሉ፣ ዘይት ማላብ ይጀምራል፣ የዳሽቦርዱ መጫኛ ቁልፎች ልባሳቸው በሙቀት ተበላሽቶ እንደ ሙጫ ይጣበቃሉ። 60 ሺህ የሄደ፣ በየዓመቱ ደረሰኝ ያለው ቢያገኝ... ሲሸጠው ግን ይጎዳዋል። ለመንዳት ነው ወይስ ለማስቀመጥ? እሱን አልነገረኝም። ዋጋውንም አልነገረኝም እኮ። ማኒፎልዱ እንደሚቀየር ታስቦ የተቀነሰ ከሆነማ... እንደዚያ ከሆነ ሰውየው ያውቃል ማለት ነው፣ ካወቀ ደግሞ... አይ። ቆይ፣ መጀመሪያ ዋጋውን ልጠይቀው።